ኬንያ፦ ኦዲቱ በየዓመቱ ይታተማል፤ ከዚያስ?

የኢስሊ ነዋሪ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ናይሮቢ፣ የአገራችን ሰዎች በብዛት በሚነግዱበት በኢስሊ ሰፈር ነው። ስለ ኬንያ በአማርኛ የሚጻፈውን ስከታተል አብዛኛው ወይ የሰልፍ ፎቶ ወይ የምርጫ ወሬ ሆኖ አገኘዋለሁ። እኔ መነጋገር የምፈልገው ከሰልፉ ሥር ስላለው ክርክር ነው። መንግሥት ከሕዝብ የሰበሰበውን ገንዘብ አስቀድሞ በምን ላይ እንደሚያውል የሚወስነው ማን ነው? ገንዘቡ ያለ ቦታው ሲውልስ ማን ይጠየቃል? (የማነሣቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማታስታውሱት ነገሩን ከ2024 ልጀምር። በዚያ ዓመት መንግሥት ያቀረበው የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ በአዳዲስ ግብሮች 346 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ለመሰብሰብ የታሰበ ነበር። በዳቦ ላይ 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በመኪና ዋጋ ላይ በየዓመቱ 2.5 በመቶ፣ በምግብ ዘይት ላይ 25 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይገኙበታል። ያልተለመደው ነገር ረቂቁ በሰፊው መነበቡ ነው። ወጣቶች አንቀጽ በአንቀጽ እየለዩ ወደ አገሬው ቋንቋዎች መለሱት፤ በቲክቶክ አስረዱት፤ የምክር ቤት አባሎቻቸውን ስልክ ቁጥር እየተቀባበሉ በመልእክት አጥለቀለቋቸው። ሰኔ 18 ቀን የመጀመሪያው ሰልፍ በናይሮቢ ሲወጣ መንግሥት የዳቦውን ግብር አነሣ፤ ሰልፈኞቹ ግን እንዲሻሻል ሳይሆን ጨርሶ እንዲጣል ነው የምንጠይቀው አሉ። ሰኔ 25 ቀን ምክር ቤቱ ረቂቁን በ195 ድምፅ ድጋፍና በ106 ተቃውሞ አጸደቀው። በዚያው ከሰዓት ሕዝቡ ምክር ቤቱን ጥሶ ገባ፤ ፖሊስም ተኮሰ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ሕጉን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። የአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በዚያ የተቃውሞ ወቅት የተገደሉትን ሰዎች ከ60 በላይ አድርሷቸዋል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሌ 5 ቀን ፕሬዚዳንቱ ወጥተው 47 የመንግሥት ድርጅቶች እንደሚፈርሱ፣ የቀዳማዊት እመቤትና የምክትል ፕሬዚዳንቱ ባለቤት ጽሕፈት ቤቶች በጀት እንደሚቀር፣ የሚኒስትሮች አማካሪዎች በግማሽ እንደሚቀነሱ ተናገሩ። ከታጣው 346 ቢሊዮን ውስጥ 177 ቢሊዮኑ ወጪ በመቀነስ፣ ቀሪው 169 ቢሊዮን በብድር እንደሚሸፈንም አስታወቁ። ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠ ሰው ጋዜጣውን እያጠፈ የጠየቀኝን አልረሳውም፤ በዐሥር ቀን ሊቀነስ የቻለ ወጪ ከሆነ ሰው ሳይሞት በፊት ያልተቀነሰው ለምንድን ነው?

ስለዚህ ክርክሩ የግብር መጠን ክርክር ብቻ አይመስለኝም። የኬንያ ሕዝብ ግብር ከፋይ ነው፤ የተቆጣው በቅደም ተከተሉ ነው። የበለጠ ግራ የሚያጋባኝ ደግሞ በዚህ አገር ጥፋቱ የሚደበቅ አለመሆኑ ነው። ዋና ኦዲተሯ ናንሲ ጋቱንጉ በየዓመቱ ሪፖርታቸውን ያትማሉ። በ2025 መጀመሪያ ላይ አዲሱ የጤና መድን ሥርዓት የሚሠራበት፣ ከ104 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ የተመደበለት የኮምፒዩተር ሥርዓት የመንግሥት ንብረት አለመሆኑን ጽፈው አወጡ። ጋዜጦች አንድ ሳምንት ጮኹበት። ከዚያስ? የጠፋብኝ ይህ «ከዚያስ» ነው፤ የምታውቁ አስረዱኝ።

ታዛቢው

ወንድሜ፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር የዘለሉ ይመስለኛል። የኬንያ መንግሥት ቅደም ተከተል የተወሰነው በ2024 ሳይሆን ዐሥር ዓመት ቀድሞ ነው። በ2014 ኬንያ ከዓለም ገበያ 2 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች፤ የሚመለስበት ቀንም ሰኔ 2024 ነበር። ያንን ለመክፈል በየካቲት 2024 ሌላ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ስትበደር አበዳሪዎቹ የጠየቁት ወለድ ከ10 በመቶ አለፈ። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሕጉን ባልፈረሙበት ንግግራቸው ከሚሰበሰበው 100 ሽልንግ 61ዱ ለዕዳ እንደሚሄድ ተናግረዋል። በቀረው 39 ሽልንግ መምህር፣ ሐኪም፣ ፖሊስና ካውንቲ የሚባሉት 47ቱ የአካባቢ አስተዳደሮች ይጠብቃሉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቅደም ተከተል የሚያወጣው አበዳሪው ነው።

ሕጉ ከተጣለ በኋላ የሆነውንም እንይ። ከተጣሉት ግብሮች አንዳንዶቹ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሌላ የግብር ማሻሻያ ሕግ በጓሮ በር ተመልሰው ገቡ። ለተገደሉት ልቤ ያዝናል፤ ነገር ግን ዕዳው በሰልፍ አይሰረዝም። ከደመወዝ የሚቆረጠውን የቤቶች መዋጮም ሁሉም ያማርረዋል፤ በግንቦት 2025 በናይሮቢው የሙኩሩ መንደር 1,080 ቤቶች ለነዋሪዎች ሲተላለፉ ግን ቁልፍ የተቀበለችው እናት የምታማርር አልመሰለኝም። መንግሥት ሁሉ ሌባ ነው ብሎ መጀመር ክርክሩን አይጠቅመውም።

የሕግ ባለሙያ

ታዛቢው ያነሡት የዕዳ ነገር እውነት ነው፤ ግን የዕዳው ታሪክ ራሱ የተጠያቂነት ታሪክ ነው። ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ የተዘረጋውን አዲሱን የባቡር መስመር እንውሰድ። የቻይናው ኤክዚም ባንክ ገንዘቡን አበደረ፤ መስመሩም በግንቦት 2017 መጨረሻ ተመረቀ። ዕቅዱ እስከ ኡጋንዳ ድንበር መድረስ ነበር፤ ከናይሮቢ ወዲያ ናይቫሻ አካባቢ ሲደርስ ብድሩ ቆመ፤ ሐዲዱም አብሮት ቆመ። ውሉ ለዓመታት ምስጢር ሆኖ ቆየ። የምክር ቤት አባላት መንግሥት የፈረመውን ሰነድ አያውቁትም፤ ዜጋው ግን ወለዱን ይከፍላል። የመብት ተሟጋቹን ኦኪያ ኦምታታን የመሰሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ተመላልሰው የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2020 ግዥው ሕግን ያልተከተለ ነበር ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ሲሰጥ ባቡሩ ሦስት ዓመት ሄዷል። የብድሩ ሰነዶች በከፊል ይፋ የሆኑት በ2022 መንግሥት ከተቀየረ በኋላ ነው። እንግዲህ አበዳሪው ቅደም ተከተሉን አወጣ ከተባለ ብዕሩን ያቀበለው ማን እንደሆነም ይጠየቅ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ለዚህ ክርክር ያህል ተብሎ የተጻፈ ይመስላል። አንቀጽ 201 የመንግሥት ገንዘብ አያያዝ ግልጽነትን፣ ተጠያቂነትንና የሕዝብ ተሳትፎን መከተል እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 118 ምክር ቤቱ ሥራውን በግልጽ እንዲሠራና ሕዝቡን እንዲያሳትፍ ያስገድደዋል፤ አንቀጽ 37 ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰለፍን መብት ይሰጣል። በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ጠቡ «ተሳትፎ» ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ነው። የ2023ቱን የፋይናንስ ሕግ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2024 ሻረው፤ አንዱ ምክንያቱም ምክር ቤቱ የሕዝብን አስተያየት ከሰማ በኋላ የተቀበለበትን ወይም የጣለበትን ምክንያት አለመግለጹ ነበር። በጥቅምት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ገለበጠና ሕጉ ጸና። እኔ ባለሙያ ሆኜ ሳየው የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሐሳብ ይበልጥብኛል። መንግሥት አዳራሽ ከፍቶ፣ ውኃና ሻይ አቅርቦ፣ ሰውን አናግሮ፣ ቃለ ጉባኤውን መሳቢያ ውስጥ ከከተተው መስማት ሆነ ማለት አይቻልም። ለምን እንዳልተቀበለኝ ሊነግረኝ ይገባል።

ጡረተኛው ኦዲተር

የክሩ ባለቤት «ከዚያስ?» ብሎ ስለጠየቀ በሥራዬ ልመልስለት። እኔ በአገራችን ሠላሳ ዓመት ገደማ ሒሳብ ስመረምር ኖሬያለሁ፤ የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አልጠራም። በየዓመቱ በሪፖርቴ መጀመሪያ ላይ የምጽፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ «ባለፈው ዓመት የተገለጸው ግኝት አልታረመም» የሚል። ከጊዜ በኋላ እንደ ማኅተም ሆነብኝ። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ያለ ጨረታ የተፈጸመ ግዥ እያልን እንጽፋለን፤ ኃላፊው መልስ ይጽፋል፤ መልሱ ይታሰራል። የኬንያን ዋና ኦዲተር ሪፖርቶች ሳነብ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

በኬንያ የሕጉ ሰንሰለት እንዲህ ነው። ዋና ኦዲተሯ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በስድስት ወር ውስጥ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባሉ። ምክር ቤቱ ደግሞ ከደረሰው በሦስት ወር ውስጥ ተወያይቶ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ አለበት፤ ይህ በአንቀጽ 229 በግልጽ ተጽፏል። አንቀጽ 226 ደግሞ ባለሥልጣኑ ሕግ ተላልፎ ገንዘብ እንዲወጣ ካዘዘ፣ ሥልጣኑን ለቀቀም አልለቀቀም፣ ኪሳራውን ራሱ እንዲከፍል ይላል። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ አንቀጽ በእጄ ቢኖር ምን ባደረግሁ ብዬ ቀንቻለሁ።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በሦስቱ ወር ላይ ነው። የምክር ቤቱ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ የሚመረምረው ብዙ ጊዜ ዓመታት ያለፉትን ሒሳብ ነው። ጥፋቱ ሲነሣ ኃላፊው ተዛውሯል፤ ሒሳብ ሹሙ ጡረታ ወጥቷል፤ ሰነዱ ጠፍቷል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው ተረት የሚሠራው በልቶ ሲሻር የሚጠይቀው እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ለልጄ መልሴ ይህ ነው። ኬንያ መርማሪ አላጣችም፤ የምርመራውን ወረቀት በጊዜው የሚያነሣ እጅ ነው ያጣችው። ያ እጅ ደግሞ የምክር ቤት አባሉ ነው፤ እሱ ራሱ ገንዘብ የሚያወጣ ሆኖ ሲገኝስ?

ሰላም ከካንጌሚ

ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ የጠየቁት ጥያቄ በቀጥታ የኔን ሰፈር ስለነካ ነው የምጽፈው። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ናይሮቢ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ከደመወዜ 1.5 በመቶ ለቤቶች መዋጮ፣ 2.75 በመቶ ለጤና መድን ይቆረጣል። የድሮው የጤና መድን ጣሪያ ነበረው፤ ትልቅ ደመወዝ ያለውም ከ1,700 ሽልንግ በላይ በወር አይከፍልም ነበር። አሁን ጣሪያ የለውም። ድሃው ይታከም ከተባለ እከፍላለሁ። ነገር ግን ክሊኒክ ሄጄ «ሥርዓቱ አይሠራም፣ በጥሬ ገንዘብ ክፈይ» ስባል የከፈልኩት የት ገባ ብዬ መጠየቄ አይቀርም።

ጎረቤቴ ኬንያዊት ናት፤ አትክልት ትሸጣለች። ሴት ልጇ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ የትምህርት ቤቱን ክፍያ የሚያግዛት ከምርጫ ክልሉ የልማት ፈንድ የሚሰጥ ድጎማ ነው። ማመልከቻ ትሞላለች፣ የመንደሩ ሹም ይፈርማል፣ ከዚያ ትጠብቃለች። አንዳንድ ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ስሟ ከዝርዝሩ የለም። ለምን እንደሌለ የሚነግራት የለም። ሲመጣላት የምክር ቤት አባሉን ትመርቃለች፤ ሲቀርባት ደግሞ «በምርጫው ጊዜ ስብሰባው ላይ ስላልታየሁ ይሆናል» ትላለች። ፍርድ ቤት ይህንን ፈንድ ዘጋው የሚል ወሬ ሰምታ ተጨንቃለች። እውነት ከሆነ ተጠያቂነት የተባለው ነገር በቅድሚያ የሚጎዳው እሷን ነው ማለት ነው።

ምን ቸገረን

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የራሳችን ቤት ጉዳይ ተቆልሎ ሳለ ስለ ኬንያ ምክር ቤት የሦስት ወር ገደብ ማውራት ቅንጦት አይሆንም?

የኢስሊ ነዋሪ

ወንድሜ፣ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ኬንያ ከኢትዮጵያ 200 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ እየገዛች ነው፤ መስመሩ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ ይደርሳል። በሞያሌ በኩል የሚሻገረውን ንግድም ያውቁታል። የገዢያችን ካዝና እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ቅንጦት አይመስለኝም። ደግሞም እዚህ የምንኖረው ግብሩን እንከፍላለን።

ለጋሼ ኦዲተርና ለእህት ሰላም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ታዛቢው ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው አበዳሪው ነው ብለዋል፤ የሰዉ ቁጣ ግን የተነሣው አበዳሪው በማያዝባቸው ትናንሽ ነገሮች ላይ ነበር። ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን «ዛካዮ» ብሎ ሰየማቸው፤ በሉቃስ ወንጌል ሾላ ላይ የወጣው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ማለት ነው። በሰልፉም «ዛካዮ ውረድ» እያሉ ይጮኹ ነበር። ወንጌሉን ያነበበ ሰው ቀልዱ እስከ ምን እንደሚሄድ ይገባዋል፤ ዘኬዎስ ከወረደ በኋላ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏልና።

ቤተ ክርስቲያንም ከክርክሩ አልዳነችም። በኬንያ «ሀራምቤ» የሚባል የመዋጮ ልማድ አለ፤ ቃሉ አብረን እንጎትት እንደ ማለት ነው፤ በነፃነት ጊዜ የአገር መፈክር ነበረ። በኋላ ፖለቲከኛው እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ቆሞ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥበት ሥርዓት ሆነ። ደመወዙ የታወቀ ሰው በየሳምንቱ ሚሊዮን ሲሰጥ ከየት አመጣው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በ2024 ወጣቶቹ ጠየቁ። ፕሬዚዳንቱም በዚያው የሐምሌ ንግግራቸው ባለሥልጣናት በሀራምቤ እንዳይሳተፉ ከለከሉ። በኅዳር ግን እሳቸው ራሳቸው ናይሮቢ ውስጥ ለአንድ ካቶሊክ ደብር ገንዘብ ሰጡ፤ የናይሮቢው ሊቀ ጳጳስ ፊሊፕ አንዮሎ አልቀበልም ብለው እንዲመለስ አዘዙ። ከኦዲት ሪፖርቶች ሁሉ ይልቅ በሰፈራችን የተወራው ይህ ነው፤ ብር ሲሰጠው የመለሰ ሰው ማየት ብርቅ ነው።

ወጣቱ

ሁላችሁም ስለ አንቀጽና ስለ ኮሚቴ ትጽፋላችሁ፤ እስቲ የሆነውን በግልጽ እንነጋገር። የ2024ቱን ሕግ የጣለው አንቀጽ 118 ሳይሆን ጎዳና ላይ የወጣው ወጣት ነው። የናይሮቢን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ለሠላሳ ዓመት ለሕንዱ አዳኒ ኩባንያ ለመስጠት የተወጠነው ውልም የታወቀው በማኅበራዊ ሚዲያ ሾልኮ ሲወጣ እንጂ መንግሥት አስረድቶ አይደለም። በመስከረም ፍርድ ቤት ውሉን አገደው፤ ሠራተኞቹም አድማ መቱ፤ በኅዳር ደግሞ አሜሪካ የኩባንያውን ባለቤት ስትከስ ፕሬዚዳንቱ ሰረዙት። ከዚህ ውስጥ የምክር ቤቱ ድርሻ የቱ ነው?

ዋጋውንም አትርሱ። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ 2024 ድረስ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ 82 ሰዎች ታፍነው መወሰዳቸውን መዝግቧል። በሰኔ 2025 ባለሥልጣንን በማኅበራዊ ሚዲያ ተችቷል ተብሎ የተያዘ አንድ ወጣት መምህር ናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሞተ፤ ፖሊስ ራሱን ጎድቶ ነው አለ፤ የአስከሬን ምርመራው ግን መደብደቡን አሳየ። በሐምሌ 7ቱ ሰልፍ ብቻ ከ30 በላይ ሰው ተገደለ። አንድ ሰው ቀና ብሎ «ገንዘቤ የት ገባ» ሲል የሚጠብቀው ይህ ከሆነ፣ ሦስት ወር ጠብቅ ማለት ቀልድ ነው።

ጡረተኛው ኦዲተር

ልጄ፣ ቁጣህን አከብራለሁ። የሞቱትንም በሒሳብ ቋንቋ ማውራት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ሰልፉ ረቂቅ ሕግ አስጥሏል፣ የሚኒስትሮች ካቢኔ አስበትኗል፤ በአንድ ወረዳ ያልተሠራን ድልድይ ግን ተሠራ ብሎ የፈረመውን ሰው አግኝቶታል? ጎዳናው ትልቁን ያቆማል እንጂ ትንሹን አይቆጥርም፤ ገንዘቡ ደግሞ የሚፈሰው በትንሹ በኩል ነው።

በጡረታዬ ካነበብኳቸው ሁሉ ደስ ያለኝ የሞምባሳ ነገር ነው። በ2007 ሙሁሪ የተባለው የሙስሊሞች የሰብዓዊ መብት ድርጅት፣ በቻንጋምዌ ምርጫ ክልል ነዋሪዎችን ሰብስቦ ስለ ልማት ፈንዱ ኅብረተሰባዊ ኦዲት አካሄደ። ዘዴውን የተማሩት ከሕንድ ገጠር ነው። ሰነዱን ከጽሕፈት ቤቱ ለማውጣት ብዙ ለመኑ። ካገኙት በኋላ ተራ ነዋሪዎች የወጪ ደረሰኝና የሥራ ዝርዝር ማንበብ ተማሩ፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ቦታው ድረስ ሄዱ። ግድግዳውን ለኩ፤ ቆርቆሮውን ቆጠሩ፤ በአቅራቢያው ያለውን ሰው ጠየቁ። በመጨረሻም ያገኙትን በአደባባይ አነበቡት። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ሪፖርቴን አንድም ቀን ገንዘቡ ለተመደበለት ሰው አንብቤለት አላውቅም፤ ለኃላፊው ነው የምሰጠው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

የሕግ ባለሙያ

ስለ ልማት ፈንዱ እህት ሰላም ላነሡት መልስ እንዲህ ነው። ፈንዱ በ2003 ተጀመረ፤ በ290ዎቹ የምርጫ ክልሎች ሁሉ አለ፤ ቢያንስ 2.5 በመቶ የብሔራዊ መንግሥቱ ገቢ ይመደብለታል። ችግሩ ጋሼ የጠቆሙት ነው። ያው የምክር ቤት አባል በጀቱን ያጸድቃል፣ አፈጻጸሙን ይቆጣጠራል፣ በክልሉ ደግሞ ገንዘቡ በሚውልበት ሥራ ላይ እጁ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2013ቱን የፈንዱን ሕግ በ2022 ሽሮታል። ተተኪውን ሕግ ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመስከረም 2024 ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ፣ የተጀመሩ ሥራዎችና ተማሪዎች በድንገት እንዳይጎዱ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2026 ጊዜ ሰጥቶታል። ጎረቤትዎ የሰሙት ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። ድጎማውን መስጠት ራሱ ሕገ ወጥ ነው አልተባለም፤ ሌላ የመንግሥት አካል ሊሰጠው ይችላል። ጥያቄው የምክር ቤት አባሉ እጅ በምን አገባብ እዚያ ውስጥ ገባ የሚለው ነው።

ከታዛቢው ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ ፍርድ ቤት ፈንዱን ሊዘጋ ይችላል፣ ክፍያዋን ግን አይከፍልላትም።

ታዛቢው

ስለተስማማን ደስ ብሎኛል፤ እኔም በበኩሌ ባቡሩን በተመለከተ የተባለውን ተቀብያለሁ። ዕዳው ምክንያት ነው፤ ምስጢሩ ግን ምክንያት የለውም። ያም ሆኖ ለሰላም ጎረቤት ዛሬ የሚጠቅማት ነገር እስካሁን አልተነገረም።

የሕግ ባለሙያ

ልንገራት። ኬንያ በ2016 መረጃ የማግኘት መብት ሕግ አውጥታለች። ማንኛውም ዜጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ21 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ አቤቱታው ለአስተዳደራዊ ፍትሕ ኮሚሽን ይቀርባል። በዚህ ዓመት ስንት ሰው እንዳመለከተ፣ ስንቱ እንደተፈቀደለት፣ መመዘኛው ምን እንደሆነ፣ ለየትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደተከፈለ መጠየቅ ይቻላል። ምክንያቷን እንድትገልጽ አትገደድም። መብቱ ግን የዜጋ ስለሆነ ማመልከቻው በእህት ሰላም ስም ሊሆን አይችልም፤ ጎረቤቷ ራሷ መጠየቅ አለባት።

ወጣቱ

ብትጠይቅና ስሟን ጨርሰው ቢሰርዙትስ?

የሕግ ባለሙያ

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ለዚህ ነው ብቻዋን ባትጠይቅ የሚሻለው፤ ሦስት አራት ወላጆች ቢፈርሙ የማን ስም ተለይቶ ይሰረዛል? ስለ ልጇ ብቻም አትጠይቅ፤ ስለ ጠቅላላው ዝርዝር ትጠይቅ።

ሰላም ከካንጌሚ

ትናንት ማታ ይህን ሁሉ በስዋሂሊ አነበብኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ «ሃያ አንድ ቀን ነው ያልሽው?» ብላ በጣቷ ቆጠረች። ዛሬ ጠዋት ከገበያው ሌሎች አምስት ሴቶች ይዛ መጣች፤ ሁሉም በዚያው ፈንድ የሚጠብቁ ናቸው። ደብዳቤውን እኔ አረቀቅሁ፤ እሷ በራሷ እጅ ገለበጠችው፤ ስድስቱም ፈረሙ፤ አንደኛዋ መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ። ሁለት ቅጂ አድርገነዋል፤ አንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም እንዲያደርጉልን። ሰኞ ጠዋት ይዘውት ይሄዳሉ። ጋሼ፣ ዝርዝሩ ከመጣ እንዴት እንደምናነበው እጠይቅዎታለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ከዚህ መድረክ አይጥፉብን።

ጡረተኛው ኦዲተር

አለሁ። ዝርዝሩ ሲመጣ በመጀመሪያ ድምሩን አትዩት። የተማሪዎቹን ስም ከየትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም ካለ አስምሩበት፤ ከዚያ ጻፉልኝ።